ላቀው እንዳይሞትብኝ

መምህር ላቀው ታሟል አለችኝ እናቴ በስልክ። ያውም እንደዋዛ አይደለም፣ አልጋ ላይ ውሏል፣ ሾርባውን በማንኪያ ነው የሚሰጡት፣ ሐኪሞቹም ቤቱ ውሰዱት ብለው መልሰውታል አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ቤት ተቀምጣ እንደምታወራ ሁሉ። እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። እሰይ! ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምነው? ምነው እሰይ አላልኩም? አባቴ ከሞተ ጀምሮ ይድፋህ፣ ይንቀልህ፣ አፈር ብላ ስለው የኖርኩት ሰው አይደለም እንዴ? ስልኩ ተዘጋ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ተጋደምኩ፣ ዓይኔ ግን እንደፈጠጠ ቀረ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ለቤተ ክርስቲያናችን የላክሁት ደወል ገና መርከብ ላይ ነው። ደወሉ ጎንደር ሳይደርስ ይሄ ሰውዬ ቢሞትብኝስ? ይሄን ሁሉ የለፋሁት ለማን ብዬ ነው ታዲያ? አይሆንም። አትሙት ላቀው። ታመም፣ ተንፏቀቅ፣ በሰው ትከሻ ሂድ፣ ብቻ ነፍስህን ይዘህ ጠብቀኝ። ገመዱን በገዛ እጅህ ሳትይዝ ወዴት ነው የምትሄደው?

እንቅልፍ እንደሁ ከኔ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሌሊት ሌሊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን ዕቃ እለያለሁ፤ የኔዘርላንድ ሰው በኢንተርኔት የገዛውን ጫማ፣ ድስት፣ የውሻ አልጋ፣ በቀበቶው ላይ ሲያልፍ ወደየሳጥኑ እወረውራለሁ። ጧት ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ እኔ ወደ አልጋ እገባለሁ። ፀሐዩ በመጋረጃው ጠርዝ እየሾለከ ግንባሬ ላይ ይቆማል፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ ምንጣፏን በማሽን ትጠርጋለች፣ እኔም ጣራ ጣራውን እያየሁ ከላቀው ጋር እከራከራለሁ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የጡብ፣ ግንቡ የፋሲል ግንብ የሚያህል። ይህን ቤት የተከራየሁት እሱን አይቼ ነው። እኛ ጎንደር ውስጥ ካቶሊክ ነን ብንል ከእጅ ጣት የማንበዛ፣ ቅዳሴያችን በግዕዝ፣ ነጠላችን ያው የሰው ነጠላ፣ ሆኖም ጳጳሳችሁ ሮም ነው ተብለን በድሮው የሮም ጳጳስ ስም የልዮን ልጆች የምንባል፣ ልጅ ሆኜ ጥምቀት ሲመጣ እናንተ ደግሞ ምን አገባችሁ እየተባልኩ ያደግሁ፤ እዚህ መጥቼ ይሄ የኔዘርላንድ ደቡብ በሙሉ ካቶሊክ ነው ሲሉኝ መንግሥተ ሰማያት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ድንቄም! እሑድ ስገባ ጥቂት አሮጊቶች፣ አንድ የደከሙ ሽማግሌ ቄስ፣ የቀረው ባዶ ወንበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን እወለውልላቸዋለሁ። ሽማግሌው ፓስቶር ነው የሚባሉት፣ እዚህ ለካቶሊክ ቄስም እንዲያ ነው የሚሉት፣ ወይንሸት ብለው መጥራት አቅቷቸው ወይኒ ይሉኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ።

የኛ ቁምስና፣ የጎንደሩ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ደወል የለውም። ደወላችን ቸርኬ ነው። የጣሊያን ጊዜ የጭነት ማኪና ቸርኬ፣ አባቴ የሻው ከጋራዡ በጀርባው ተሸክሞ አምጥቶ በግቢው ዋንዛ ላይ በሰንሰለት ያንጠለጠለው። መካኒክ ነበር አባቴ፤ እጁ ከግራሶ ነጽቶ አያውቅም፣ እሑድ ጧት ግን በኦሞ አሽቶ አሽቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ እጀታው ላይ ጎማ የጠመጠመበትን መዶሻ ይዞ ይቆማል። ለቅዳሴ ሲሆን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ነው የሚመታው፣ ተነሡ ተነሡ የሚል ዓይነት። ለሞተ ሰው ሲሆን ሌላ ነው። አንዴ ይመታል፤ ከዚያ ዝም። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጥቶ፣ ረግቦ፣ ረግቦ፣ ጆሮ ውስጥ እንኳ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ። ድምፁ ሳያልቅ ሌላ እንዳትመቺ፣ ሟቹን ማጣደፍ ነው ይለኝ ነበር። ደንብም አበጅቶለታል፤ እንዲያ ሲመታ ሬሳው ከበር አያልፍም፣ ተሸካሚዎቹ ደጅ ላይ በትከሻቸው እንደያዙት ይቆማሉ፣ ሰዉም ከቆመበት አይነቃነቅም፣ መቺው ጨረስኩ ብሎ መዶሻውን እስኪያወርድ። ስንት ሰው ነው በዚያ ቸርኬ የሸኘው! የሲስተሮቹን፣ የመነኮሳይያቱን፣ ዘበኛ፣ የመምህር ላቀውን ሚስት፣ አዎ የላቀውን ሚስት፣ ዝናብ እየወረደበት፣ አንዲት ምት ሳያጎድል። ላቀው ያን ቀን አባቴን አቅፎ ወንድሜ ነህ ብሎት ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

እና ያን ወንድሙን ምን አደረገው? ለማን ልንገር፣ ለጣራው ልንገር። አባቴ ሲታመም እኔ እዚህ ነኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እናቴ ባንቺአየሁ የደንቢያ ልጅ ናት፣ ከኮላ ድባ ወዲያ፣ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ፤ ለአባቴ ብላ ወደኛ መጣች እንጂ ልቧ ማርያም ማርያም ማለቱን አንድ ቀን አልተወም፣ ማን ተዪ ሊላት። ሆስፒታሉ ተስፋ ሲቆርጥበት አጎቴ አዳነ ከገጠር ጠበል በጀሪካን ይዞ መጣ። ጠበል ነው፣ ምን አለበት፤ ረጩት፣ ቀመሰ። ከዚያ እናቴ አንገቱን አየችው፤ ባዶ። አባቴ ማተብ አያስርም ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ ማሽን ይይዘዋል እያለ ገና ልጅ ሳለ የተወው ነው። እሷ ደግሞ ለሕፃን የምታስረውን ማተብ፣ ጥቁሩን ክር፣ ፈትላ አሰረችለት። በቃ፣ ይሄው ነው ወንጀሏ። እንዴት ልጄ፣ ማተብ የሌለው ክርስቲያን እንዴት አፈር ይገባል ብላኛለች በኋላ፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሲነጋጋ ዐረፈ። ሊገንዙት የመጡት ወንዶች ክሩን አዩት፣ ከቤታችን እስከ ቁምስናው ምን ያህል ነው፣ ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ደረሰ፤ የሻው በመጨረሻ ኦርቶዶክስ ተጠመቀ፣ በጠበል መለሱት።

አባ ኢዮስያስ፣ ቆሞሱ፣ የቁምስናው አለቃ፣ ባሕር ዳር ናቸው፣ መንገዱ በተኩስ ተዘግቷል፣ መምጣት አይችሉም። ቁልፉ ያለው በላቀው እጅ ነው። ላቀው ቄስ አይደለም፤ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር፣ ዜማ የሚመራ፣ አባ ሲርቁ ሙታን የሚሸኝ፣ የተማረ፣ የተከበረ፣ ምነው ቢሉት መልስ የማይቸግረው ሰው ነው። እኔ በስልክ ነኝ። ኢንተርኔት ጠፍቶ በቀጥታ ጥሪ ነው፤ የአያ ሐምዛ ልጅ ነጃት፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ አብሮ አደጌ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ እያሰማችኝ ነው። ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ሰዉ ቆሟል፣ ሬሳው ደጅ ላይ በትከሻ ነው፣ ቸርኬው እስኪመታ እየጠበቁ ነው። አይመታም። ከዚያ የላቀው ድምፅ፣ ያ ሸጋ፣ ያ ለዜማ የተፈጠረ ድምፅ፤ "ሃይማኖቱን ቀይሯል። የቀየሩት ይቅበሩት።" እናቴ፤ "መምህር፣ ክር ነው እኮ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ ይኸው ልፍታው?" እሱ፤ "ለሬሳ ፈትተው ለማን ያሳዩታል፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ? በቁሙ ያልፈታውን።" የበሩ ብረት ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ የሰው እግር። ወደ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደሉም፣ በትሕትና ነው የጠየቁት፤ ክርስትና ስሙ ማነው፣ ንስሐ አባቱ ማነው። ማን ይባላል? ማንም። አዝናለሁ አሉ። አባቴ በሁለት ቤተ ክርስቲያን መሐል፣ በቀትር ፀሐይ፣ አስፋልት ላይ ቆመ። በመጨረሻ አያ ሐምዛ፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ፣ የሞተ ሰው መንገድ ላይ አይውልም፣ አንሡት ብሎ ጮኸ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ዘመድ ለሌለው የሚሰጠው መሬት አለ፣ እዚያ ወስደው ቀበሩት። ፍትሐት የለ፣ ዕጣን የለ። አቡነ ዘበሰማያት ያለችለት እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም መሐል ላይ ጠፋባት፣ ነጃት ናት ቀጥይ እማማ ያለቻት። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም፣ ቸርኬው አሁን ይመታል፣ አሁን ይመታል እያልኩ። እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

አባ ሲመለሱ ላቀውን ገሥጸውታል ይባላል። ለአባቴም ቅዳሴ ቀድሰውለታል፣ መቃብሩንም ሄደው ባርከዋል፣ ሸጋ ሰው ናቸው፣ ግን የሄደ ሄዷል። ላቀው አጠፋሁ አላለም። አላለም! ቢልስ ምን ሊሆንልኝ ነው፣ እሱም ሌላ ነገር። ሰዉም ከሱ ጋር መጣላት አልቻለም፤ ጥቂት ነን፣ ዜማውን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ልጆቹን ያስተማረው እሱ ነው። ምክንያት አለው ይሉኛል ደግሞ። አባቱ በካቶሊክነቱ ከመንደሩ ተባርሯል፣ ቤቱ ተቃጥሎበታል፣ ላቀው ልጅ ሆኖ በድንጋይ ተሳድዷል፣ ማተብ ሲያይ ያ ነው የሚታየው ይሉኛል። ይታየው። እኔን ምን አገባኝ? የተባረረ ሰው ደጅ መዝጋትን ከየት ይማራል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እናቴ ያን ዕለት ማታ ወደ ግቢው ተመልሳ የአባቴን መዶሻ ከዋንዛው ሥር አንሥታ ወሰደች፤ ለማንም አላስፈቀደችም። በነጠላ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ቸርኬውን በድንጋይ ነው የሚመቱት። እሑድ እሑድ ትሄዳለች፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ላቀው ሲያዜም አንገቷን ደፍታ ታደምጣለች። እማ ምነው ትሄጃለሽ ስላት፣ ቤቴ ነው፣ የት ልሂድልሽ ትለኛለች። ይሄ ነው የሚያበግነኝ! እሷ ስታጎነብስ የሷን ቁጣ ጭምር እኔ እዚህ ተሸክሜው እዞራለሁ።

ከዚያ ፓስቶር አንድ ቅዳሜ መወልወያዬን እንደያዝኩ ጠሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው፤ ተሽጧል፣ የመኖሪያ ቤት ይሆናል፣ ሰዎች መንበሩ በነበረበት ወጥ ቤት ያሠራሉ። ደወሎቹን ምን እንደምናደርጋቸው አላወቅንም፣ ትንሿ ላገርሽ ትሆን እንደሁ አሉኝ። ላገሬ! እኔ እኮ በዚያች ሰዓት የታየኝ አገር አይደለም። የታየኝ ላቀው ነው፤ የደወሉን ገመድ ይዞ፣ በሕዝብ ፊት። አዎ አልኳቸው ፓስቶርን፣ አዎ ትሆናለች፣ አለቀስኩም፣ እሳቸው በደስታ መሰላቸውና አብረውኝ አለቀሱ። የዚያኑ ቀን አባ ኢዮስያስ ጋ ደወልኩ፤ ደወል እልካለሁ፣ የነሐስ፣ ድምፁ አዘዞ ድረስ የሚሰማ። አባ ተንተባተቡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እመቤታችን... ቆይ አባ አልኳቸው። ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ተሰቅሎ መጀመሪያ የሚደወለው ለአባቴ ነው፣ ለሞተ ሰው እንደሚደወለው። የሚደውለው ደግሞ መምህር ላቀው ነው፣ በገዛ እጁ፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ። እምቢ ካለ ደወሉን ለነጋዴ ሸጬ እዚሁ እጨፍርበታለሁ። አባም፣ ልጄ፣ ስጦታ ነው ወይስ ፍርድ ነው አሉኝ። እንዳሻዎ ይጥሩት አልኳቸው። ለቆሞስ እንዲህ ይባላል? አልኩት እንግዲህ።

ላቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? እሺ። በቃ እሺ፤ እሺ በሏት ብሎ ወደ ትምህርቱ ሄደ። እኔ ስንት ጠብቄ ነበር! ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ ቀኖና ይጠቅሳል፣ ሰው ይከፋፈላል ብዬ፣ መልስ አዘጋጅቼ፣ ጣራውን እያየሁ ተለማምጄ። እሺ ይለኛል! እሱ እሺ ባለ ጊዜ እኔ ላይ ደግሞ የዚህ አገር ነገር ተነሣብኝ። ደወል መስጠት ቀላል መስሎሻል ወይንሸት? የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ፣ የቅርስ ቢሮ ፈቃድ፣ ቀጠሮ፣ ቀጠሮውን ለመያዝ ሌላ ቀጠሮ። አንዷ ሠራተኛ ደወሉ ዕድሜው ስንት ነው ትለኛለች፣ እኔን የዕቃ ለዪዋን። ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ እየሄድኩ ወንበር ላይ እያንጎላጀጅሁ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሲያልቅ ደወሉ በጎ አድራጊዎች ከሚልኩት የሆስፒታል አልጋ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ገባ። መርከቧ ቀይ ባሕር ላይ ችግር አለ ተብላ አፍሪካን በደቡብ ልትዞር ሄደች። በስልኬ አያታለሁ፤ ትንሽ ነጥብ ናት፣ ውኃ ላይ የቆመች። ነቃ ባልኩ ቁጥር አያታለሁ፣ የምትነቃነቅ አትመስልም። ሂጂ እንጂ! እላታለሁ፤ ምን ትጎተቻለሽ፣ ሰውዬው ሊያመልጠኝ ነው።

መጸለይ የጀመርኩት ያኔ ነው። አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ቅዳሜ ወለል እወለውላለሁ እንጂ ለራሴ እንኳ ጸልዬ አላውቅም፤ የምለው ሁሉ እርግማን ነበር። አሁን ግን መቁጠሪያዬን ከሻንጣ ሥር አወጣሁና ለላቀው ጤና መድገም ጀመርኩ። እመቤቴ ሆይ አቁሚው። እህል አብይው። ሳንባውን ክፈቺው፣ ጉልበቱን አጽኚው፣ ገመድ የሚስብበት ክንድ ስጪው። መጋዘን ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አለቃዬ ዘፈን መስሎት ይስቃል። በውነት እላለሁ፣ እናቴ ታማ እንኳ እንዲህ አልጸለይኩም። አንድ ቀን በስልክ ለመምህር ላቀው እየጸለይኩለት ነው ብዬ አመለጠኝ። እናቴ ወሬውን ወደ ሌላ አዞረችው። ነጃት ግን አጠገቧ ነበረች፣ ለአንዷ ነገረች፣ ያቺ ለሲስተሮቹ፤ እሑድ በስብከቱ ላይ አባ ጠቀሱኝ አሉ! በባዕድ አገር ያለች ልጃችን ለበደላት ትጸልያለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔን ቅድስት አደረጉኝ፣ ወይ ጉድ! ወሬው ላቀው አልጋ ድረስ ደረሰ። አለቀሰ አሉ። እና ምን አለ? ደወሉን ሳልደውል እንዳይወስደኝ ጸልዩልኝ አለ። ሰማሁና እንቅልፌ ጨርሶ ጠፋ። እሱም እንደኔ እየጠበቀ ነው! እኔ ላዋርድበት ያሰብኩትን እሱ ንስሐው ሊያደርገው ነው! የኔን በቀል ነጥቆኝ ሊቆርብበት ነው፣ ይሄ ሌባ! ቢሆንም ይኑር። ደውሎ ይሙት። የገመዱ ሻካራ መዳፉን ይላጠው እንጂ ልቡ ውስጥ ያለውን እኔ ምን አውቅለታለሁ።

እናቴ ግን አልተታለለችም። በሌላ ቀን፣ ስለ ጤፍ ስለ ምናምኑ ስናወራ ቆይተን፣ ድንገት "ወይንዬ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለችኝ። ደነገጥሁ። "ምን ማለትሽ ነው እማ?" አልኳት። "ምንም። አባባል ነው" አለች። ከዚያ ተናደድኩባት፣ እሷ ላይ፣ በዓለም ላይ ባለችኝ አንዲት ሰው ላይ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልላት ነበር። አንቺ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንገትሽን ትደፊያለሽ፤ ባንቺ ቢሆን ኖሮ አባባ እንደ ውሻ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ የሱን ስም የማስጠራው እኔ ነኝ፣ እኔ! አላልኳትም። ደህና ዋይ አልኳት። ነጥቧን አየሁ፤ መርከቧ አፍሪካን ዞራለች፣ ወደ ጅቡቲ እየወጣች ነው። እንዴት እንደሚሆን ደግሜ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ላቀውን ደግፈው ያወጡታል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ከስቶ፣ ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ፣ ነጃት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ። ገመዱን ይስባል። አንዴ። ከዚያ ዝም። እኔ እዚህ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ይሄንን ብቻ ስሰማ እተኛለሁ፤ ከዚህ ሌላ ከማንም ምንም አልፈልግም።

ስልኩ ጮኸ። ቀትር ነው፣ አልተኛሁም ነበር፣ መቼ ተኝቼ። "ወይንዬ፣ መምህር ላቀው ዐረፈ" ትላለች እናቴ። "ትናንት ቀበርነው።" ተነሥቼ ቆምኩ። ደወሉ ጅቡቲ ነው እኮ! አልኩ፣ ደርሷል እኮ፣ ማውረድ ብቻ ነው የቀረው፣ እንዴት ይሞታል! ምን ዓይነት ሰው ነው! ሾልኮ አመለጠ! ጮህኩ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ ጣራዋን በመጥረጊያ እስክትመታ ጮህኩ። እናቴ ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ "ጨረስሽ? እኔ ደወል አላወራሁሽም፣ ስለ ቀብሩ ነው የምነግርሽ" አለችኝ።

"ሄድሽ?"

"ሄድኩ እንጂ። መዶሻውን ይዤ።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ለሱ? የአባባን መዶሻ ለላቀው? "እማ ምን ነክቶሻል?"

"አድምጪኝ እስቲ። ሬሳው ደጅ ደረሰ፣ ልጆቹ ድንጋይ ሊያነሡ ሲሉ ነጠላውን ፈታሁና መዶሻውን አወጣሁት። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ባንቺአየሁ ይቅር አለች፣ ባንቺአየሁ ራሷ ልትመታለት ነው አሉ። አባ ኢዮስያስ እንኳ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም መታሁ። አንዴ። ቆየሁ፣ ድምፁ እስኪያልቅ። ደግሞ መታሁ፣ ቆየሁ። አባትሽ እንደሚመታው ነው፣ አላጣደፍኩም።"

"እና?"

"ፀሐዩ በረታ። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ቀየሩ፣ እንደገና ቀየሩ። አንዱ፣ እናሳርፈው እንዴ ሲል ሰማሁት፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ማንም አልተነቃነቀም። እኔም አላቆምኩም። በኋላ አባ ቀስ ብለው አጠገቤ መጡና፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለመምህር ይበቃቸዋል አሉኝ። አባ፣ አልኳቸው፣ ሰው እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ነው ያልኳቸው፣ የመምህር ላቀው ገና አልተጀመረም። ይሄ የየሻው ነው። ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፤ ከዚሁ ደጅ ላይ በትከሻ ቆሞ ነበር፣ እስካሁን እየጠበቀ ነው።"

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽዋ ይሰማኛል፣ ከኋላዋ የነጃት ሳል፣ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ሲያልፍ።

"ከዚያስ እማ? ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ። ቆሙ። አያ ሐምዛ ከበሩ ውጭ ሆኖ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁት። የላቀው ትልቁ ልጅ ሬሳውን እንደተሸከመ ቀና ብሎ አየኝና፣ ይምቱ እማማ፣ ይጨርሱ አለኝ። ጨረስኩ። ከዚያ ለላቀውም መታሁለት። ሙሉውን፣ ሳላጎድል። ክርስቲያን አይደለሁ?"

"ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ያልሽኝ አንቺ አልነበርሽም እንዴ!"

"እኔ መቼ ጸለይኩ?" አለች እናቴ። "መዶሻ ነው የያዝኩት።"

ከዚያ ስለ ደወሉ ተናገረች፤ ሲመጣ እንደሚሰቀል፣ ለፋሲካ ለሠርግ ሸጋ እንደሚሆን፣ ለሞተ ግን ቸርኬው እንዳለ፣ ይሄን ለአባ ነግራ እንደጨረሰች። መዶሻውንም ከዋንዛው ሥር መልሳዋለች፣ ከቀድሞ ቦታው። "በይ አሁን ተኚ፣ ማታ ሥራ አለብሽ" ብላ ዘጋች። ፀሐዩ በመጋረጃው ጠርዝ ገብቶ ግንባሬ ላይ እንደቆመ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ተኛሁ።